የጓዳችን እህል የሚመጣበት መንገድ፦ የጎጃም ጉዞ ማስታወሻ

አዲስ አበባ ውስጥ ጤፍ ስንገዛ አገሩን እንጠይቃለን። "የጎጃም ነው የአድአ?" እንላለን። ሽሮው፣ በርበሬው፣ ድንቹ፣ ዘይቱ ከየት እንደመጣ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ከሱቅ መጣ፣ አለቀ። እኔ ይሄ ነገር ያሳስበኛል። በቀን ሁለቴ ሦስቴ የምንበላውን ያበቀለውን ሰው ኑሮ ሳናውቅ ስለ ኑሮ ውድነት ብቻ እናወራለን።

በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ጓደኛዬ ጎጃም ያሉ አክስቷን ልትጠይቅ ተነሳች። አብሬያት ወጣሁ። ወሩ ጥሩ ነው፤ አጨዳና ውቂያ የሚገናኙበት ነው። የገና ጾምም ገብቷል፤ ስለዚህ መንገዱን ሙሉ የበላነው ሽሮ፣ ምስርና ድንች ነው። ከአክስቷ ቤት በኋላም በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬና በእንጅባራ አድርገን እስከ ባሕር ዳር ዘለቅን።

ኅዳር 19፣ ዓባይ በረሃ

ንጋት 11 ሰዓት ላይ ተነስተን ጎሃ ጽዮን እስክንደርስ የሚወራ ነገር አልነበረም። ከዚያ በኋላ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ያንኑ ያህል ደግሞ ወደ ደጀን ይወጣል። አስፋልቱ በየቦታው ተሰነጣጥቋል፤ የሰመጠም አለ። መሬቱ ስለሚንሸራተት አንዱ ተጠግኖ ሳያልቅ ሌላው ይሰነጠቃል። ጎሃ ጽዮን ላይ ጋቢ ደርበን ነበር። ታች ድልድዩ ጋ ስንደርስ መስኮቱ ሁሉ ተከፈተ። በጃፓን መንግሥት እርዳታ በተሠራው አዲሱ ድልድይ ተሻገርን። አሮጌው ከጎኑ ቆሟል።

ዳገቱን አጋምሰን ሳለ መኪናው ቆመ። አንድ ተሳቢ ኩርባው ላይ ተበላሽቶ መንገዱን ዘግቷል። ሦስት ሰዓት ያህል እዚያው ቆየን። ሙቀቱ ያዝላል። ልጆች የታሸገ ውሃ ይዘው ይዞራሉ። አዲስ አበባ ያኔ 15 ብር የምገዛውን እዚያ 25 ገዛሁት። ዕቃው ያንን በረሃ ወርዶ የመጣ ስለሆነ ተወደደ ለማለት አልቻልኩም።

የጭነት መኪኖቹን ሳይ ቆየሁ። ከደጀን በኩል ሸራ የለበሱ ኤፍኤስአሮች ተደርድረዋል። ከእኛ ኋላ ደግሞ ወደ ጎጃም የሚወጡት ተሰልፈዋል። ከአንዱ ረዳት ጋር ወሬ ጀመርን። ከላይ የሚመጣውን በጣቱ እያሳየ ነገረኝ። "ያ ጤፍ ነው። ከኋላው ያለው በቆሎ ነው። የመጨረሻው ከሰል ነው።"

"የናንተስ ጭነት?" አልኩት።

"ዘይት ነዋ። ፓስታ አለ፣ ሩዝ፣ ስኳር፣ ሳሙና።"

ስለ ጎጃም ሲወራ የሚወጣው እህል ይነገራል። የሚገባው አይነገርም። ያን ቀን ሁለቱም ፊት ለፊት ቆመው መንገድ ይጠብቁ ነበር። ከዚያ በኋላ በየደረስንበት ከተማ ሁለት ነገር መጠየቅ ጀመርኩ፤ ምን ትሸጣላችሁ? ምን ትገዛላችሁ?

ደጀን ስንደርስ መሽቶ ነበር። አልጋ በ300 ብር ያዝን። ውሃ የለም፤ በጀሪካን አመጡልን። ሽሮው ግን ጥሩ ነበር።

ኅዳር 20፣ ከሉማሜ ወጣ ብሎ

የጓደኛዬ አክስት ቤት ከሉማሜ ከተማ አንድ ሰዓት ገደማ በእግር ያስኬዳል። መሬቱ ጥቁር አፈር ነው። ክረምት ላይ እግር ይይዛል፤ ኅዳር ሲገባ እጅ በሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጣጠቃል። ጤፍ የሚወደው ይሄንን መሬት ነው። በዓይን እስከሚታየው ድረስ ቢጫ የሆነ ማሳና የተከመረ ነዶ ነው። መሐል መሐሉ ላይ አረንጓዴ ሽንብራና ጓያ አለ። እነዚህ ዝናቡ ካበቃ በኋላ አፈሩ በያዘው እርጥበት ይደርሳሉ። የአዲስ አበባ ሽሮ አንዱ መነሻ እንግዲህ እዚህ ነው።

ስንደርስ ውቂያ ላይ ነበሩ። በማግስቱ ጽዮን ስለሆነች ሥራ የለም፤ ስለዚህ ጥድፊያ ነበር። ጎረቤቶች በወንፈል መጥተዋል። አውድማው በእበት ተለቅልቆ ደርቋል። በሬዎቹ በነዶው ላይ ይዞራሉ። አንድ ትንሽ ልጅ ሥራው እበት መጠበቅ ነው፤ በሬው ጭራውን ሲያነሳ ሮጦ በገለባ ይቀበላል። ወንዶቹ በመንሽ ያገላብጣሉ። ነፋስ ሲመጣ ሁሉም ተነስቶ ማዝራት ይጀምራል፤ ገለባው ይሄዳል፣ ጤፉ ይወርዳል። ነፋሱ ሲቆም ሥራውም ይቆማል። ቁጭ ብለው ይጠብቁታል።

የጤፍ ፍሬ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። 1,000 ፍሬ ተመዝኖ ግማሽ ግራም አይሞላም። አውድማ ዳር ቆሞ ማየት ግን ሌላ ነው። ሴቶቹ በሰፌድ ያበጥራሉ፤ አፈሩንና እንክርዳዱን ይለያሉ፤ የተበተነውን በእጃቸው ጠርገው ይሰበስባሉ። ወገባቸው ቀና የሚልበት ጊዜ የለም። እኔም ትንሽ ሞከርኩ። አክስቷ ሰፌዱን ቀስ ብለው ከእጄ ወሰዱና "አንቺ እንግዳ ነሽ፣ ግቢ ጠላ ጠጪ" አሉኝ።

ምሳ ቤት ውስጥ ቀረበ። ሽሮ፣ ስልጆ፣ የሽንብራ እሸት። እንጀራው ጠቆር ያለ ነው፤ ሰርገኛ ጤፍ ከበቆሎ ጋር ተደባልቆ የተጋገረ። ደጅ ላይ ያለው ክምር ግን ነጭ ነው። ጠየቅኳቸው።

"ነጩማ የገበያ ነው ልጄ" አሉ አባወራው። "እሱን በልተን ማዳበሪያ በምን እንገዛለን?"

"አፈር ስሆን ብዪ!" ይላሉ አክስቷ ጨምረው እየደፉልኝ።

ማታ በፋኖስ ሒሳቡን ነገሩን። በዚያ ዓመት ከአንድ ጥማድ መሬት፣ ማለትም ከሩብ ሄክታር ገደማ፣ አራት ኩንታል ያህል አገኛለሁ ብለው ይጠብቁ ነበር። የሉማሜ ነጋዴ ለነጩ በኩንታል 4,600 ብር ይሰጥ ነበር። ማዳበሪያ አንድ ኩንታል ወደዚያው ይጠጋ ነበር። ማዳበሪያው በመርከብ ከባሕር ማዶ መጥቶ፣ ጅቡቲ ወደብ ተራግፎ፣ እዚህ ድረስ በመኪና ይጫናል። ስለዚህ የሳቸው ጤፍ ገና ሳይዘራ ወጪው በዶላር ይጀምራል። ይሄን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ውስጥ ምሬት አልነበረም። እኔ ግን ከነከነኝ። ነጭ እንጀራ የለመድን እኛ ነን። ነጩን የሚያመርተው ሰው ጎተራ ውስጥ ነጭ ጤፍ አያድርም።

እኔ ሰፈር ወፍጮ ቤቱ ያን ሰሞን ነጩን በኪሎ 60 ብር ይሸጥ ነበር። በኩንታል 6,000 መሆኑ ነው። በሁለቱ ዋጋ መካከል ያለውን 1,400 ብር ብዙ ሰው ይካፈለዋል። የሉማሜው ነጋዴ፣ ጫኝና አውራጁ፣ መኪናው፣ ደላላው፣ መርካቶ እህል በረንዳ ያለው ነጋዴ፣ አበጣሪዎቹ፣ ወፍጮ ቤቱ። ሁሉም ይሠራል፤ በነጻ የሚበላ ነው ብዬ የምጠቁመው ሰው የለም። ግን ከሁሉም በላይ የለፋው ሰው ዋጋውን የሚሰማው በስልክ ነው። ይሄ ልክ አይመስለኝም።

ኅዳር 21፣ ጽዮን

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ከዚያ ቡና። ቡናው በጨው ነው የቀረበው። እኔ ስኳር ለምጄ ስለነበር የመጀመሪያው ስኒ ከበደኝ፤ ሁለተኛው ጣፈጠኝ።

ጨው እዚህ አገር አይወጣም። ዛሬ አብዛኛው የገበታ ጨው ከአፋር፣ ከአፍዴራ ነው የሚመጣው። ድሮ ደግሞ ከአፋር በረሃ የተቆረጠ አሞሌ በሲራራ ነጋዴ እየተጫነ ይመጣ ነበር። ከደብረ ማርቆስ ብዙም የማይርቀው የጁቤ አጠገብ የነበረው የባሶ ገበያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከጎጃም ትልልቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ከዓባይ ማዶ ቡናና የዝሆን ጥርስ ይመጣል፤ ከሰሜን አሞሌው ይመጣል፤ እዚያ ይገናኛሉ። አባወራው የአያታቸውን ወሬ ያስታውሳሉ። አሞሌ እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር፤ የተሰበረ አሞሌ ዋጋው ይቀንስ ነበር። ጓዳቸው ውስጥ ያለው ጨው ያኔም ዛሬም ከሩቅ የሚመጣ ነው።

ስንወጣ አንድ ኩንታል ጤፍ ልንገዛቸው ፈለግን። አባወራው በገበያ ዋጋ መሸጥ አልፈልግም አሉ፤ እኛ ደግሞ ከገበያ በታች አንገዛም አልን። ከብዙ ክርክር በኋላ የሉማሜ ነጋዴ ከሚሰጠው 200 ብር ጨምረን በ4,800 ተስማማን። ጓደኛዬ ለልጆቹ ደብተር ብላ ሌላ ጨመረች።

ኅዳር 22፣ ደብረ ማርቆስ

ማርቆስ ብርድ ነው። ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ስሟ ድሮ ምንቆረር ነበር። ከከተማዋ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የጮቄ ተራሮች ይታያሉ። ብዙ የዓባይ ገባር ወንዞች የሚነሱት ከዚያ ነው። እዚያ ላይ ጤፍ አይሆንም፤ ገብስ፣ ድንችና እንግዶ የሚባል የአጃ ዓይነት ይዘራል።

ገበያው ሰፊ ነው። እኔ የቆየሁት የቅባት እህል የሚሸጡ ሴቶች ጋ ነው። ኑግ፣ ተልባ፣ ጎመንዘር በጆንያ ተደርድሯል። አንዷ እናት ኑጉን በመዳፋቸው አንስተው አሳዩኝ፤ ጥቁርና አብረቅራቂ ነው። በአካባቢው መጭመቂያ የወጣ የኑግ ዘይት ሊትሩ 380 ብር ተባልኩ። ከጎናቸው ያለው ሱቅ የፓልም ዘይት በ190 ይሸጥ ነበር።

"እርስዎ በየትኛው ነው የሚሠሩት?" አልኳቸው።

"በሚረጋው ነዋ! ኑጉን ሸጬ እሱን እገዛለሁ። ጾም ነው፣ ቤተሰብ አለ፣ ቅቤ የለ። ኑጉማ ለማን ይበቃል?"

የሚረጋው የሚሉት የፓልም ዘይቱን ነው። የማርቆስ ጠዋት ስለሚቀዘቅዝ ጠርሙሱ ውስጥ ነጭ ሆኖ ይረጋል። ምግብ ቤቱ ውስጥ ጀሪካኑን ፀሐይ ላይ አውጥተው ሲያቀልጡት አይቻለሁ። ይሄ ዘይት የሚገኝበት ዘንባባ ሙቀትና ብዙ ዝናብ ይፈልጋል። ከዓለም የፓልም ዘይት ከ80 ከመቶ በላይ የሚመረተው በኢንዶኔዥያና በማሌዥያ ነው። የኑግ አገር ጎጃም ውስጥ ያለች እናት ኑጓን ሸጣ የማሌዥያ ዘይት ትገዛለች። በ2013 ዓ.ም. እዚህ ማርቆስም ቡሬም ትልልቅ የዘይት ፋብሪካዎች ተመርቀዋል። እኔ የምመኘው እነዚህ ፋብሪካዎች የዚህን አገር ኑግና አኩሪ አተር እየጨመቁ፣ ሊትሩ እኚህ እናት የሚገዙት ዋጋ ላይ ሲደርስ ማየት ነው። ያን ጊዜ የአገሩ ዘይት የአገሩ ሰው አቅም ላይ አልደረሰም ነበር።

ሊትር የኑግ ዘይት ገዛሁ። ክዳኑን በላስቲክ አጥብቀው አሰሩልኝ።

ኅዳር 23፣ በደምበጫና በፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ

ደምበጫ የቆምነው ለቁርስ ብቻ ነው። ከተማዋ በአረቄዋ የታወቀች ናት። መናኸሪያው ዳር በጠርሙስ ተደርድሮ ይሸጣል።

ከፍኖተ ሰላም በኋላ አገሩ ይለወጣል። ጤፉ ይቀንሳል፣ በቆሎ ይበዛል፤ ዳጉሳም አለ። በየቤቱ ደጅ ላይ የበቆሎ ጎተራ ቆሟል። አፈሩም ከጥቁር ወደ ቀይ ይሄዳል። ቡሬ ስንገባ ደግሞ በርበሬ ነው። በየግቢው፣ በየሸራው፣ በየቆርቆሮው ላይ ቀይ ዛላ ተሰጥቷል። የቡሬና የወምበርማ በርበሬ ስሙ የታወቀ ነው። ለቃሚዎቹ ዛላውን በቀለም ይለያሉ፤ ደማቅ ቀዩ ለብቻ፣ ነጣ ያለው ለብቻ። በኪሎ 190 ብር ገዛሁ። አዲስ አበባ 280 ነበር የተውኩት። ሻጭዋ ወጣት ናት። በርበሬ ከባድ ሥራ ነው ብላ ነገረችኝ። ችግኝ ይፈላል፣ ይተከላል፣ ይኮተኮታል፣ ዝናብ ከበዛ ሥሩ ይበሰብሳል። ባለፈው ዓመት ግማሹን አጥታለች። ዘንድሮ ግን ደህና ነው።

ከቡሬ ወደ እንጅባራ በሚኒባስ ሄድን። አንድ ነጋዴ ሁለት ጆንያ በርበሬ ከኋላ መቀመጫ ሥር ጭኖ ነበር። አንዱ ጆንያ ተቀደደ። ጥቂት ሳንሄድ ሰው ሁሉ ማሳል ጀመረ። ሕፃናት አለቀሱ። ረዳቱ መስኮቱን ሁሉ ከፈተ፤ ያኔ የጥሊሊ ብርድ ገባ። መስኮት ስንዘጋ ሳል፣ ስንከፍት ብርድ። አንዲት መነኩሲት ነጠላቸውን አጥፈው ለአንድ ሕፃን አፍና አፍንጫ ሸፈኑለት። እንጅባራ እስክንወርድ ያ ልጅ ከጭናቸው አልወረደም።

ኅዳር 24፣ እንጅባራ

የአገው ምድር ነው። ፈረስ ይበዛል። አረንጓዴው ከምሥራቅ ጎጃም ይለያል፤ ዝናቡ ይረዝማል፣ ቀርከሃ በየግቢው ነው። መንገድ ዳር ያለውን የዘንገና ሐይቅ ወርደን አየነው። ውሃው ጸጥ ያለና ክብ ነው፤ ዙሪያው ዛፍ ነው።

ድንች ያኔ እዚህ በኪሎ 12 ብር ነበር። ሰፈሬ ጉሊት 25 እገዛ ነበር። የቤቱ እመቤት ከነልጣጩ ቀቅለው በአዋዜ አቀረቡልን፤ ከዚህ ጉዞ ምግብ ሁሉ እሱን አልረሳውም።

ከምግቡ በላይ የገረመኝ ግን ማብሰያው ነው። ከእንጅባራ ዙሪያና ከፋግታ ለኮማ መንገድ ዳር የከሰል ጆንያ ተከምሯል፤ መኪና ይጠብቃል፣ አብዛኛው ወደ አዲስ አበባ ነው። ከሰል ሲባል ደን ተጨፈጨፈ ብለን እናስባለን። እዚህ ግን ገበሬው ራሱ ዛፉን ይተክላል። ዴከረንስ ይሉታል፤ የአውስትራሊያ ግራር ነው። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር አንድ ማሳ ላይ ያስገባዋል። ጤፉን ያጭዳል፣ ዛፉ ይቀራል። ቀጥሎ ሣሩን ለከብት ያጭዳል። በአራትና በአምስት ዓመቱ ዛፉን ቆርጦ እዚያው ማሳው ላይ ያከስለዋል። ከዚያ መሬቱን አርሶ እንደገና ጤፍና ችግኝ። በዚህ ገንዘብ ቆርቆሮ ቤት የሠራ፣ ልጅ ያስተማረ ብዙ ሰው አለ።

ያረፍንበት ቤት አባወራ ማሳቸውን አሳዩን። አንዳንዱ ዛፍ ቅጠሉ ቀልቶ ተጨማዷል። "በሽታ ገባበት" አሉ። "ምን እንደሚያድነው የነገረን የለም።" አንድ ዓይነት ዛፍ ላይ ብቻ የተመሠረተ ኑሮ እንደሚያስፈራ እዚያ ቆሜ ገባኝ። ዝናብ የጠገበው ያ አረንጓዴ ኮረብታ ሁሉ ያው አንድ ዛፍ ነው።

ኅዳር 26፣ መራዊ

እሁድን እንጅባራ አሳልፈን ሰኞ በዳንግላ በኩል መራዊ ገባን። ባጃጅ ይዘን ወደ ቆጋ መስኖ ወጣን። ግድቡ 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ የተሠራ ነው። ኅዳር መጨረሻ ላይ ሌላው አገር ሲያጭድ እዚህ ገና ይዘራል። ውሃ በቦይ ይወርዳል፤ ሰው በተራ ያጠጣል። የበጋ ስንዴ፣ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ጥቅል ጎመን። አቮካዶም ተተክሏል።

የውሃ ተራቸውን የሚጠብቁ ሁለት ወንድማማቾች አገኘን። ተራቸው ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ነው የሚደርሰው። ካልነቁ ውሃው ለጎረቤት ያልፋል። ሽንኩርት ተክለው ሁሉም ሰው በአንድ ሳምንት ሲያወጣ ዋጋው ይወድቃል፤ የሚያቆዩበት መጋዘን የላቸውም። ያኔ ነጋዴው መኪናውን ይዞ ይመጣና በተናገረው ዋጋ ይጭናል። እኛ ከተማ ውስጥ ሽንኩርት ተወደደ ስንል፣ በሌላ ወር ደግሞ እዚህ ማሳ ላይ ሲበሰብስ፣ ችግሩ አንድ ነው። መጋዘን ነው።

ኅዳር 27፣ ባሕር ዳር

በባሕር ዳር ዘንባባዎች ሥር ትንሽ አረፍን። ጣና ዳር ቆሮሶና አምባዛ ይሸጣል። ጓደኛዬ በጾም ዓሣ አትበላም፤ እኔም አልበላሁም። ዋጋ ብቻ ጠየቅን። አንድ ሽማግሌ አሳ አጥማጅ የዛሬው ዓሣ ከድሮው ያንሳል አሉ። የመረቡ ቀዳዳ ጠባብ ሆኗል፣ ጫጩቱ ሳያድግ ይወጣል።

ከሉማሜ የገዛነውን ጤፍ እዚያው አንድ ነጋዴ ቤት በአደራ አስቀምጠነው ነበር፤ በኤፍኤስአር ተጭኖ አዲስ አበባ ደረሰ። ማጓጓዣ፣ ጫኝና አውራጅ ሲደመር 350 ብር ከፈልኩ። ወፍጮ ቤት አስበጥሬ አስፈጨሁት።

ሰኔ ላይ ለአክስቷ ደወልን። የጤፍ መዝሪያ እየደረሰ ነው። አባወራው ስልኩን ተቀበሉ። ጤፉን በጥር ሸጠው ለማዳበሪያ ብሩን አዘጋጅተዋል። በዚያ ዓመት ግን ማዳበሪያው በጊዜው አልደረሰም። በብዙ የአማራ ክልል አካባቢ ገበሬው ሲጠብቅ ነበር። "ብሩ ኪሴ ነው፣ ማዳበሪያው የለም" አሉኝ። "ነገ ደግሞ ኅብረት ሥራው ጋ ሄጄ እሰለፋለሁ።" በማግስቱ ደወልኩ። ሰልፉ ላይ ነበሩ።